የባል ሐሰት፣ የባል ሕመም፦ የአንድ አዲስ አበባ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ባልና ሚስት ጉዳይ ይፋ ከወጣበት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እንዴት እንደተያዘ ያቀርባል። ሁለቱም ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ ስማቸው፣ ሰፈራቸውና ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ዝርዝር ግን እንዲቀር ተደርጓል። ሚስት ለምክር ወደ እኔ ስትመጣ የያዘችው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ባሌ ውሸታም ነው ወይስ ታማሚ? እሱን ብቻ ንገሩኝ፤ የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተመሳሳይ ችግር የደረሰባቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ነው። ነገር ግን መልሱ ሐኪም ፊት እንኳ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ ደግሞ ቤት ሊሸጥ፣ ዕዳ ሊከመር፣ ሰው ሊሞት ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከመጀመሪያው ቀን የያዝኩት አቋም፣ ቤተሰቡን ከጉዳት መጠበቅ ባልየው ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ድረስ መቆየት የለበትም የሚል ነበር። ከዚህ በታች የሚተረከው ሁሉ ከዚሁ አቋም የተነሣ ነው።

ባልና ሚስቱ የተጋቡት በ2002 ዓ.ም. ነው። ጉዳዩ ሲገለጥ ሚስት የ37 ዓመት የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ባል ደግሞ የ43 ዓመት የቀለምና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁለት ልጆችም አሏቸው። የሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም በባል ስም የተመዘገበ ቢሆንም በትዳር ውስጥ የተገኘ የጋራ ንብረት ነው። ሱቁ በተከፈተ ጊዜ ሚስት ሥራ እየተወች በየቢሮው እንዳትመላለስ በማለት ለባሏ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታው ነበር። ይህ ውክልና መኖሩን ሁለቱም ረስተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የወጣው በእቁብ በኩል ነው። ባል 60 አባላት ባሉትና በሳምንት 5,000 ብር በሚጣልበት የነጋዴዎች እቁብ ውስጥ ነበር። ለሚስቱ ዕጣው ገና አልደረሰኝም እያለ ቆይቷል። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ወንድሟ ደውሎ፣ «የእቁቡ ጸሐፊ እኔን ይዞኛል፤ ባልሽ ስምንት ሳምንት አልጣለም» አላት። ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን እንደሚጥል ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ስለማይወስድ፣ ባል ዋስ አድርጎ የጠራው የሚስቱን ወንድም ነበር። ዕጣው የወጣው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሲሆን፣ 300,000 ብሩም ያኔውኑ ተወስዷል። ወንድምየው ነገሩን እህቱ የምታውቀው መስሎት ነበር።

ሚስት ስልኩን እንደዘጋች በቀጥታ የሄደችው የቤቱ ሰነዶች ወደሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ነው። የቤቱ ካርታ በላስቲክ ማኅደሩ ውስጥ በቦታው ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኗ ሰነድ መያዝ ታውቃለችና ጣቷን በማኅተሙ ላይ ስታሳልፍ ወረቀቱ ልሙጥ ሆኖ አገኘችው፤ ዋናው ካርታ ላይ በጣት የሚዳሰስ የማኅተም እብጠት ነበረው። በእጇ የያዘችው በጥንቃቄ የተሠራ የቀለም ቅጂ ነበር። ዋናው ካርታ ለአንድ አራጣ አበዳሪ ለ400,000 ብር ብድር መያዣ ተሰጥቷል፤ ወለዱ በወር አሥር በመቶ ነው። በነጋታው ባልየውን ስትጠይቀው በመጀመሪያ ካርታውን ባንክ እንዳስቀመጠው፣ ከዚያ እናቱ ታመው ለሕክምና እንደወሰደው፣ በመጨረሻም ምንም እንደማያስታውስ ነገራት። ያን ሰሞን ከአልጋ የሚነሣው በግድ ነበር፤ ሱቁንም በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ አይከፍትም።

ዘመድ አዝማድ ነገሩን እንደሰማ እያንዳንዱ የራሱን ፍርድ ይዞ መጣ። የባል እናት «ልጄ፣ ሰው አስቀንቶበት ነው፤ ዓይነ ጥላ ነው፤ ጻድቃኔ ማርያም ይሂድና ጠበል ይጠመቅ» አሏት። ወንድሟ «ሴት ይዞ ነው እንጂ ይህ ሁሉ ብር የት ይገባል?» አለ። የሱቅ ጎረቤቶች ጥፋቱን በጫት ላይ ጣሉት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ሐኪም ይየው የሚል ሐሳብ ስታነሣ የባል ታላቅ እህት በቁጣ «ወንድሜን አማኑኤል ልታስገቡት ነው?» አለች። በከተማችን የአንድ ሆስፒታል ስም ራሱ መሰደቢያ በመሆኑ ስንት ሰው ከሕክምና እንደቀረ ማሰብ ያሳዝናል። በ1930ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በአገሪቱ ዋናው የአእምሮ ሕክምና ተቋም የሆነው ይኸው ሆስፒታል፣ በራሱ እግር ሄዶ ታክሞ በራሱ እግር የሚመለስ ብዙ ሕዝብ የሚያስተናግድ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ከእነዚህ ግምቶች አንዱንም ወዲያውኑ አልጣልናቸውም። ሴት መኖሩንና ጫቱን ሚስት በአቅሟ አጣርታለች። ጫት እንደሚቅም ታውቃለች፤ የሌላ ሴት ምልክት ግን አላገኘችም። ፍንጭ የሰጠው ሌላ ሥራ ነው፤ በዚህ ጥናት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁትም እሱን ነው። ሚስት በአንድ ደብተር ላይ ያለፉትን ሦስት ዓመታት በወር በወር ከፈለች፤ በአንዱ ረድፍ ያገኘቻቸውን ሐሰቶችና ወጪዎች፣ በሌላው ረድፍ ስለ ባሏ እንቅልፍ፣ ንግግር፣ ምግብና ሥራ የምታስታውሰውን ጻፈች። ለማስታወስ የቴሌብር መልእክቶችን፣ የባንክ መግለጫዎችን፣ የልጆቹን የልደት ፎቶግራፎችና የበዓላቱን ቀናት ተጠቀመች። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚገልጽ አንድም ቃል እንዳትጽፍ ተስማማን፤ የሚጻፈው ያየችውና የሰማችው ብቻ ነበር።

ደብተሩ ሲሞላ ሁለት ወቅቶች ጎልተው ታዩ። የመጀመሪያው ግንቦትና ሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ባል በሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው ይነሣ ነበር፤ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ለሰው ይደውላል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሱቅ ለመክፈት ቀብድ ከፍሏል፤ ንግግሩን የሚያቋርጠውንም ሰው ይቆጣል። ሚስት በዚያን ጊዜ «ሥራ በረታለት» ብላ ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ዝምታ፣ ረጅም እንቅልፍ፣ ገላን አለመታጠብና «እኔ ለምንም አልረባም» ማለት ተከተለ። በግንቦት አንድ ክሊኒክ ሄዶ ለድብርት የሚሰጥ መድኃኒት ታዘዘለት፤ በሳምንታት ውስጥ ተሻለው፤ በሰኔ ግን ከመሻል አልፎ እንደገና እንቅልፍ አጣ፤ ከቻይና የቀለም መቀላቀያ ማሽን አስመጣለሁ አለ፤ ዘመዶቹን ሁሉ በዶላር እንደሚያበለጽጋቸው ተናገረ። የእቁቡ ዕጣም የአራጣው ብድርም የወደቁት በዚሁ በሁለተኛው ወቅት ውስጥ ነው። ከትልልቆቹ ወጪዎች አብዛኞቹ ከሁለቱ ወቅቶች አይወጡም ነበር።

የቀሩት ግን ይወጣሉ፤ ይህንም ማድበስበስ አልተገባም። የካርታው ቅጂ የተሠራው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ባል በዝግታ የሚናገር፣ የሚያዝን፣ ነገር ግን የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ለእናቱ በየወሩ እልካለሁ የሚለውን ገንዘብ መላክ ያቆመው ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ምንም ዓይነት መዋዠቅ ከመታየቱ በፊት ነው። ስለዚህ ደብተሩ «ታማሚ ነው» ወይም «ውሸታም ነው» የሚል አንድ መልስ አልሰጠም። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን አሳየ፤ ሁለቱም የየራሳቸው መፍትሔ ያስፈልጋቸው ነበር።

ሐኪም ከመፈለጋችን በፊት ግን የንብረቱ ጉዳይ አጣዳፊ ነበር። ሚስት በመጀመሪያ ያደረገችው ወደ ውልና ማስረጃ ሄዳ ውክልናውን መሻር ነው። ይህ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ባልየው በሚቀጥለው የመጋል ወቅት፣ ማለትም እንቅልፍ አጥቶ በሚጣደፍበትና ገንዘብ በሚረጭበት ጊዜ፣ በውክልናው ተጠቅሞ ቤቱን ለመሸጥ ሊሞክር ይችል ነበር። ቀጥላ ጠበቃ አማከረች። በአዲስ አበባ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ እንዲሁም ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለሌላ ሰው ለመዋስ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ የ500 ብር ልክ ዛሬ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ እንኳ የማይሞላ ነው፤ ለእሷ ግን ጠቀማት። በአንቀጽ 69 ደግሞ ያለ ስምምነቷ የተገባው ግዴታ እንዲሻር ፍርድ ቤትን መጠየቅ የምትችለው ነገሩን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ፣ ሳታውቅ ብትቆይም ግዴታው ከተገባበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ብዙ ሚስቶችና ባሎች እስኪረጋጉ፣ ሽማግሌ እስኪገባ፣ በዓል እስኪያልፍ ሲጠብቁ ስድስት ወሩ ያልፍባቸዋል። የእሷ ቀነ ገደብ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ስለነበረ ክሱን በጥር አዘጋጀች።

ክሱ መቅረብ ግን አላስፈለገውም። ጠበቃው ለአበዳሪው ሁለት ነገር በጽሑፍ አስታወቀው፦ ውሉ ሊሻር የሚችል መሆኑንና አራጣ በወንጀል የሚያስጠይቅ መሆኑን። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። በ400,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 48,000 ብር ማለት ነው፤ ባል ግን በወር 40,000 ብር ይጠየቅ ነበር። አበዳሪው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ ዋናውን ገንዘብ ብቻ በክፍያ ለመቀበልና ካርታውን ለመመለስ ተስማማ። የባል እህት በበኩሏ ወንድሟ በፍርድ ከንብረቱ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 351 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። እኔ በጽኑ ተቃወምኩት። ገና ሐኪም ያላየው፣ በአብዛኛው ጊዜ አስተውሎ የሚኖር ሰው የራሱን ንብረት ከማስተዳደር መብቱ ሙሉ በሙሉ ቢነጠቅ የሚቀረው ክብር ትንሽ ነው፤ ያው ጥበቃ ውክልና በመሻርና በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይገኛል።

ባልየውን ወደ ሐኪም ማድረሱ ከሕጉ ይልቅ ከብዶ ነበር። ሚስት መጀመሪያ «አንተ ታመሃል፤ ያደረግከው ሁሉ በሕመም ነው» ብላው ነበር፤ እሱም «እብድ ነህ እያልሽኝ ነው?» ብሎ ሦስት ቀን ሳያናግራት ቀረ። ሰው ውሸቱ ከተጋለጠ በኋላ ሕመም እንዳለበት ሲነገረው ወይ እንደ ስድብ ይሰማዋል፣ ወይም እንደ ማምለጫ ይይዘዋል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። ስለዚህ የምትነጋገርበትን ጊዜና ርእስ ለወጥን። ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ጠዋት፣ ቡና እየፈላ፣ ስለ ዕዳው አንድም ቃል ሳታነሣ «አንተ፣ እንቅልፍህ ያሳስበኛል። ያኔ ሦስት ሰዓት ተኝተህ ትነሣ ነበር፤ አሁን ደግሞ አሥራ አራት ሰዓት ትተኛለህ። ይህን ለሐኪም እንንገረው፤ እኔም አብሬህ እገባለሁ» አለችው። ስለ እንቅልፉ መናገር አላሳፈረውም። «እሱስ እውነት ነው፤ ራሴም ተቸግሬያለሁ» አለ።

የንስሐ አባታቸው በዚህ ውስጥ የነበራቸው ድርሻ ቀላል አልነበረም። የባል እናት ጠበሉን በመድኃኒት ምትክ ሲያስቡት፣ እሳቸው ግን «ሐኪሙንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪሙንም ይስማ» አሏቸው። እናትየው ከማንም ሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት የሚቀበሉት አይመስለኝም።

የአእምሮ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ስም አልሰጠም። የእንቅርት ዕጢ መዛባትን ለማጣራት የደም ምርመራ አዘዘ፤ የዚህ ዕጢ ችግር ሰውን ሊያጣድፍም ሊያደነዝዝም ይችላልና። ስለ ጫቱ መጠን በዝርዝር ጠየቀ፤ ለሳምንታት እንዲተወውም ነገረው። ሚስት ያቀረበችውን ደብተር ገጽ በገጽ አየው። ባል ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲያዝን ብቻ ስለነበረ፣ ከዚህ በፊት ያየው ባለሙያ የመጋሉን ወቅት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት በመጋልና በድብርት መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም፣ ያለበት ሰው ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይጨመርለት የድብርት መድኃኒት ብቻ ቢወስድ ወደ መጋል ሊገፋው እንደሚችል የታወቀ ነው፤ የ2014ቱ ሰኔም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከጥቂት ቀጠሮዎች በኋላ ሐኪሙ ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም እንደሚመስለው፣ እርግጠኛ ለመሆን ግን በጊዜ ሂደት መከታተል እንዳለበት ተናገረ። ሕመሙ ብርቅ አይደለም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎች በተካተቱበት ሰፊ ጥናት ከሺህ ሰው አምስት ገደማ የሚሆኑት ከባዱ የባይፖላር ዓይነት እንዳለባቸው ተገኝቷል።

ሐኪሙ በዚያ ክፍል ውስጥ ሌላም ጥያቄ ጠየቀ፤ ሚስት ልትጠይቀው ፈርታው የነበረ ጥያቄ ነው፦ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ባል ዝም ብሎ ቆይቶ «ካርታው ከተገኘ በኋላ አስቤ ነበር» አለ። ዕዳ የተጋለጠበትና በድብርት ውስጥ ያለ ሰው ለዚህ አደጋ በጣም የቀረበ ነው። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙውን ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን የምትይዘውና በየቀኑ የምትሰጠው ሚስት ሆነች፤ ወንድሟም ማታ ማታ እየመጣ አብሯቸው ያመሽ ነበር።

የታዘዘለት ሊትየም ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ በ1949 በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅሙን ካሳወቀ ወዲህ ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ሆኖ ቆይቷል፤ ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስም ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ። በአገራችን በየመድኃኒት ቤቱ የማይገኝ በመሆኑ ቤተሰቡ አንዱ ከማለቁ በፊት ሌላውን መፈለግ ነበረበት። በሚያረጋጋው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ በደም ውስጥ ያለው መጠን በየጊዜው ይለካል፤ የኩላሊትና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም አብሮ ይደረጋል። እዚህ ላይ ከእኛ አኗኗር ጋር የሚገናኝ ነገር አለና ቆም ብዬ ልናገረው። ባል በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስ ሰው ነው፤ ጻድቃኔም ሲወርድ እንደ ልማዱ ጠበሉን ብዙ ጠጥቶ ሊያስመልሰው ይችላል። ሰውነት ውሃ ሲያጣ፣ ሲያስመልስ ወይም ሲያስቀምጥ ሊትየም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በየሱቁ የሚገዙት እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሐኪሙና የንስሐ አባቱ ሁለቱም ባሉበት ተነጋግረው፣ ባል በጠበሉ እንዲጠመቅ፣ ብዙ እንዳይጠጣ፣ ጾሙንም ውሃ እየጠጣ እንዲጾም ተስማሙ። እንዲህ ዓይነት ስምምነት በሐኪም ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ታማሚው ወይ መድኃኒቱን ይጥላል፣ ወይ ይመረዛል።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ባል ተረጋግቶ ነበር። ያን ጊዜ ለሐሰቱ የሚገባው ሥራ ተጀመረ። ደብተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ አብረው ከፈቱት፤ ባልም እያንዳንዱን መስመር እየተመለከተ የራሱን ቃል ሰጠ። ስለ ማሽኑና ስለ እቁቡ የተናገረው ይህ ነበር፦ «ያን ጊዜ የምዋሽ አልመሰለኝም። ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ እጥፍ ሆኖ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር፤ ከተመለሰ በኋላ ነግሬሽ ላስደንቅሽ ነበር።» ወደ ካርታው ሲደርስ ግን ድምፁ ተለወጠ፦ «ካርታውን ያስገለበጥኩት እያወቅሁ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ ቀለሙ እንዲመሳሰል ሁለት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። እሱን በሽታው አላደረገውም።»

ከዚህ የተሻለ ቃል ከአንድ ባል አልሰማሁም። ሕመሙ የሠራውን ለሕመሙ፣ ራሱ የሠራውን ለራሱ ሰጠ። ብዙ ቤተሰብ የምርመራ ውጤት ከተሰማ በኋላ ከሁለት ጽንፎች በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ ሁሉም ነገር «በሽታው ነው» ተብሎ ይሰረዝና ተጎጂው የመናደድ መብቱን ያጣል፣ ወይም «በሽታ ሰበብ ነው» ተብሎ ታማሚው ያለ ሕክምና ይቀራል። ሚስት በሁለቱም በኩል ስትጎተት ነበር። የባል ቤተሰብ «ታሞ ነውና ይቅር በዪው» ይሏታል፤ የእሷ ወገን «ሞኝ አትሁኚ» ይላታል። ባልየው በራሱ አፍ መስመሩን ካሰመረ በኋላ ግን ይቅር ልትለው የምትችለውን ነገር በስሙ አወቀችው። ስለ ቅጂው ለወራት ተናደደችበት፤ እንድትናደድም ተፈቀደላት።

የመተማመኑን ነገር ለጊዜ ብቻ አልተዉትም። ባል ሦስት ሽማግሌዎች በተገኙበት ለአበዳሪው፣ ለእቁቡ ጸሐፊና ለሚስቱ ወንድም ያለበትን በሙሉ አስመዘገበ፤ በወንድምየውም እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ለእናቱ የሚላከው ገንዘብ በባንክ በቀጥታ እንዲተላለፍ ተደረገ። ሚስት ስልኩን በየሌሊቱ መፈተሽ እንድታቆም ተስማማን፤ በምትኩ በየወሩ መጨረሻ የሱቁን ሒሳብ ሁለቱ ተቀምጠው ያያሉ። ስልክ መበርበር እውነትን ቢያስገኝም እሷን ወደ ዘበኛነት ለውጧት ነበር፤ ለሊቱን ሙሉ አትተኛም፣ ደም ግፊቷም ከፍ ብሎ ነበር። እሷ ራሷም ምርመራ እንድታደርግ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አንዲት እህቷን አዘውትራ እንድታገኝ ያደረግነው ለዚህ ነው። የታመመን ሰው የሚያስታምም ሰው ከእሱ ያላነሰ ጥበቃ ይፈልጋል፤ በተለይ የበደላትን ሰው የምታስታምም ሚስት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። በዚህ ቤት ውስጥ ዱላም ዛቻም አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ደብተሩም ቡናውም ቀርቶ የመጀመሪያው እርምጃ ሚስትንና ልጆችን ወደ ደኅና ቦታ ማድረስ ይሆን ነበር፤ ሕመም መኖሩም ይህን አይለውጠውም። ከዚህ ውጭም ሚስት ለመቆየት ሦስት ነገሮችን አስታውቃለች፦ መድኃኒቱን ሳይነግራት እንዳያቋርጥ፣ ያለ እሷ ፊርማ እንዳይበደር፣ እንቅልፉ በተከታታይ ሁለት ሌሊት ከአምስት ሰዓት ካነሰ ሐኪሙን እንድታነጋግር አስቀድሞ እንዲፈቅድላት። የመጨረሻውን ባል በጽሑፍ ሰጣት። መጋል ሲጀምር ታማሚው ደኅና እንደሆነ ስለሚሰማው ፈቃዱን ያኔ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የሚጠየቀው ሲረጋጋ ነው።

ፈቃዱ በሥራ ላይ የዋለው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ነው። ባል ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ስለ አንድ አዲስ ሱቅ ማውራት ጀመረ። ሚስት በሦስተኛው ጠዋት ሐኪሙ ጋ ደወለች፤ የደም ምርመራ ተደርጎ የሊትየሙ መጠን ዝቅ ማለቱ ታየ፤ ባልም እጁ ስለተንቀጠቀጠበት መጠኑን በራሱ እንደቀነሰ አመነ። «ልነግርሽ ፈርቼ ነበር» አላት። ይህም መደበቅ ነው፤ በደብተሩም ተመዝግቧል። መጠኑ ተስተካክሎ፣ ለመንቀጥቀጡም መፍትሔ ተፈልጎለት ሳይብስ አለፈ፤ ሁለቱ ወቅቶች ያደረሱትን ያህል ጥፋት አልደረሰም።

ልጆቹን በተመለከተ ታላቂቱ ብዙ ስለሰማች «አባታችሁ የስሜት ሕመም አለበት፤ ይታከማል፤ በእናንተ ጥፋት የመጣ አይደለም» ተብሎ ተነግሯታል። የካርታው ነገር የወላጆች ጉዳይ ሆኖ እንዲቀር ተወስኗል። ሚስት ሕመሙ በዘር ይተላለፋል ወይ ብላ ሐኪሙን ጠይቃለች፤ ከወላጆቹ አንዱ የታመመበት ልጅ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ልጅ ከፍ ቢልም አብዛኞቹ እንደማይታመሙ ነግሯታል።

ይህ ሲጻፍ የእቁቡ ዕዳ ተከፍሎ አልቋል፤ የወንድሟ ዋስትናም ተነሥቷል፤ ለአበዳሪው ከዋናው ገንዘብ ገና የሚቀር ክፍያ አለ። ካርታው ተመልሶ በሚስት እናት ቤት ተቀምጧል፤ ባል ወደ ቤቱ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር፤ ሚስት ግን የአበዳሪው ዕዳ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ይቆይ ብላለች፤ እሱም ተቀብሏል። ፍቺ ለመጠየቅ አስባ ያዘጋጀችውን ማመልከቻ አልቀደደችውም፤ አላቀረበችውምም። ሽማግሌዎቹ ቁርጧን እንድትናገር ደጋግመው ጠይቀዋታል፤ እሷም «ዕዳው ሲያልቅ እነግራችኋለሁ» ብላ መልሳላቸዋለች።